ውታፍ ነቃይዋ እና የጋሼ ኡርሆ ጋራዥ

እሑድ ጠዋት ሳይማ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ በጋሼ ኡርሆ ደጃፍ ስታልፍ፣ ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያን ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ የፈላ ውሃ ማንቆርቆሪያ በእጃቸው ይዘው ጋራዣቸው በር ግርጌ ተንበርክከው አገኘቻቸው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል።

«ጸሎቱን ከዚሁ ጀመሩት እንዴ ጋሼ ኡርሆ?»

«አትቀልጂ ልጄ። በሩ አልነሳ ብሎኛል።»

«ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ?»

«ተጣብቆ ብቻ! ተጋብተዋል እንጂ። ቄስ እንኳን አልጠሩም።»

ባለቤታቸው እትዬ ሄልሚ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ደረጃው ላይ ቆመዋል። «በየእሑዱ እኮ ነው ሳይማዬ! ቄሱ ‹ሁለተኛው መዝሙር ሳያልቅ ኡርሆና ሄልሚ አይመጡም› ብለው በሕዝብ ፊት ቀልደውብናል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!»

ሳይማ የጎረቤት ልጅ ናት። ከዚህች ከሐይቅ ዳሯ ከተማ ከተንደር ቤይ ወደ ደቡብ ወርዳ ስለ ቤት አሠራር ተምራ ተመልሳለች፤ ያረጁ ቤቶችን እየመረመረች ምን እንደጎደላቸው ለባለቤቶቹ መንገር ሥራዋ ነው። ብዙ ታውቃለች፤ ቶሎም ትቆጣለች።

«የሚያፈሱት ውሃ ለሚመጣው እሑድ በረዶ ነው የሚሆነው» አለቻቸው።

«እሺ እሺ፤ ውሃውን ተይው። እኔ መላ አላጣም» አሉና ሱሪያቸውን አራግፈው በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ከተዘጋው በር ጀርባ የመኪና ሞተር ሲያጓራ ተሰማ።

ሳይማ የዳቦ ከረጢቷን በረዶው ላይ ጣለች። እትዬ ሄልሚን ገፍታ ማለት ይቻላል፣ ወጥ ቤቱን አቋርጣ ወደ ጋራዡ የሚያወጣውን በር ስትከፍት ሰማያዊ ጭስ ፊቷን መታት። ጋሼ ኡርሆ መሪው ላይ ተቀምጠው መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉን ነቀለች፤ ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻቸው። ከዚያ ተመልሳ የቤቱን መስኮት ሁሉ ከፈተች።

«ሊሞቱ ነበር እኮ! እትዬ ሄልሚንም ይዘዋቸው ሊሄዱ ነበር!»

«ምን ሆነሻል? በሩን ላሙቀው ብዬ ነው። ትንሽ ሲሞቅ ራሱ ይላቀቃል። ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው የማደርገው።»

«ሁልጊዜ?!»

እትዬ ሄልሚ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «እንዴ ... እሑድ እሑድ ራሴን የሚፈልጠኝ ለዚህ ነው እንዴ?»

«አንቺ የሚፈልጥሽ የቄሱ ስብከት ነው ትዪ አልነበር?» አሉ ጋሼ ኡርሆ።

«ስብከቱን መቼ ደርሰን ሰምተን እናውቃለን!»

ከዚህ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ ሰዓቱ አልፏል። እትዬ ሄልሚ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ሆዳቸው ውስጥ የቆየውን ነገር ለሳይማ አወጡት። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው አውኔ ለገና ትመጣለች፤ በክረምቱ መግቢያ የወለደችውን ሕፃን ይዛ። ቤቱ ውስጥ ትርፍ መኝታ ያለው ከጋራዡ በላይ ባለው ክፍል ብቻ ነው፤ አውኔ ራሷ ያደገችበት ክፍል። አውኔ ግን በስልክ ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ ‹እማዬ፣ እዚያ ክፍል ወለሉ በረዶ ነው፣ ብርድ ልብሱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ልጄን እዚያ አላስተኛም። ሆቴል እናድራለን።›

«እኔ በሕይወት እያለሁ የልጅ ልጄ ሆቴል ይደር?» አሉ እትዬ ሄልሚ። «ለመጀመሪያው ገናው!»

ጋሼ ኡርሆ መስኮቱን አዩ። መልስ ሲያጡ መስኮት ማየት ልማዳቸው ነው።

ሳይማ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጋራዡን ልታይ ገባች፤ ጋሼ ኡርሆም ‹በገዛ ቤቴ› እያሉ ተከተሏት። ያየችው ነገር አንገቷን አስነቀነቃት። ጣሪያው ላይ ውርጩ እንደ ነጭ ፀጉር በቅሏል። የእያንዳንዱ ምስማር ራስ በረዶ ቆብ ደፍቷል። የግድግዳው ጥግ ጥቁር ሻጋታ አውጥቷል፤ የመኪናዋ በሮች ከሥር ዝገት በልቷቸዋል። ግርጌው አካባቢ የተቆፈረችው የአየር ቀዳዳ አንድ ነገር ተወትፎባታል። ሳይማ በጣቷ ጎተተችው፤ የሱፍ ካልሲ ነው። ከጣሪያው ሥር ያለችውም ቀዳዳ እንደዚሁ በካልሲ ታጭቃለች።

«ተይው! ብርድ እንዳይገባ ነው የወተፍኩት!»

ሳይማ አልሰማቻቸውም። አይኗ ሌላ ቦታ ተተክሏል። በጋራዡ ጀርባ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት በር ወለል ብላ ተከፍታለች።

«ይቺ በር ወዴት ነው የምትወስደው?»

ጋሼ ኡርሆ ትከሻቸውን ሰፋ አደረጉ። «ወደ ሳውናው ነዋ። ቅዳሜ ታጥበን ስናበቃ እከፍታታለሁ። ያ ሁሉ እንጨት የነደደበት ሙቀት ዝም ብሎ ይባክን? ለመኪናዋ እሰጣታለሁ። የራሴ ፈጠራ ነው። መኪናስ ብትሆን ቅዳሜዋን አትታጠብ?»

ታዲያ ጉዱ እዚህ ላይ ወጣ። ቅዳሜ ማታ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ የሚወጣው እንፋሎት ሁሉ ወደ ጋራዡ ይለቀቃል። መውጫው ቀዳዳ በካልሲ ተወትፏል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ጣሪያ ሲነካ ውርጭ ይሆናል፤ ቀዝቃዛውን በር ሲነካ ውሃ ሆኖ ወደ ግርጌው ይወርድና ሌሊቱን ይረጋል። እሑድ ጠዋት በሩ አይነሳም። በሩ ስላልተነሳ ሞተሩ በተዘጋ ቤት ይነሳል፤ ጭሱም በጣሪያው ስንጥቅ ሽቅብ ወጥቶ አውኔ ያደገችበትን ክፍል ይሞላል።

«ጋሼ ኡርሆ» አለች ሳይማ፤ «ይህ ቁጠባ አይደለም። ይህ ድንቁርና ነው!»

«ምን አልሽ?»

«ድንቁርና! አንድ ሰው ከዚህ ጣሪያ ላይ የሚተንነውንና የሚረጋውን ውሃ ቢያሰላው ...» አለችና ስለ እርጥበት መጠን፣ ስለ ጤዛ ነጥብ፣ በስኩዌር ሜትር ስለሚያልፈው ሙቀት፣ ግድግዳው ሱፍ መልበስ፣ ቀዳዳውም መከፈት እንዳለበት ታወርድላቸው ጀመር። ጋሼ ኡርሆ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«አባቴ የሠራው ቤት ነው። አንቺ ሳትወለጂ ቆሟል። ደግሞ ነገርሽ እርስ በርሱ ይጣላል። ሙቀት እንዲይዝ በሱፍ ይሸፈን ትያለሽ፤ ወዲያው ደግሞ ቀዳዳ ይከፈት ትያለሽ። ላሙቀው ነው ላቀዝቅዘው? አንዱን ምረጪ! ማን እንደላከሽም አላውቅም። የሰው ቤት እየገባሽ ... አንቺ ውታፍ ነቃይ!»

ሳይማ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ውታፍ ነቃይ ለሎሌና ለአጎብዳጅ የሚሰጥ ስድብ መሆኑን የማያውቅ የለም። ካልሲውን በእጇ እንደጨበጠች በሩን አላትማ ወጣች።

ነገሩን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይሻላል። ቁጠባ የሚባል ትልቅ ስም አለ፤ በዚህ ስም ሥር ስንት ግትርነት ተጠልሎ ይኖራል! ሰው ለራስ ምታት ኪኒን ሲገዛ ቆጣቢ አይደለም። የዛገ መኪና ሲያስበይድ ቆጣቢ አይደለም። ግድግዳው ሻግቶ ሲረግፍ ‹ቤቱ አርጅቶ ነው› ብሎ ያልፈዋል። አንዲት ቀዳዳ ይከፈት ሲባል ግን ያኔ የአገሩ ሁሉ ቆጣቢ ይሆናል! የታፈነ ነገር ሁሉ ሙቅ የሚመስለው ሰው ቤቱን መቃብር ያደርገዋል፤ ቤተሰቡንም አብሮ ይከተዋል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አባቱ ያደረገውን ሳይመረምር በመውረሱ ነው።

የተማረውም ወገን ከነቀፋ አያመልጥም። እውቀቱን እንደ ዱላ ይዞ ሰው ቤት ይገባና በሩ ሲዘጋበት ‹ሕዝቡ አይገባውም› ይላል። ሕዝቡማ ገብቶታል። የገባው ግን ስድቡ ነው።

ሳይማ ይህን ለማወቅ ሳምንት ፈጀባት። ሳምንቱን ሙሉ ስትብሰለሰል፣ ለራሷ መልስ ስትሰጥ፣ መልሷን መልሳ ስትሽር ሰነበተች። አርብ ዕለት እትዬ ሄልሚ ደወሉ።

«ነገ ሳውና ነይ። እኔና አንቺ መጀመሪያ እንታጠባለን።»

«ጋሼ ኡርሆ ያባርሩኛል።»

«ኡርሆ ማንንም ከሳውና አባርሮ አያውቅም። ጠላቱንም ቢሆን ሳያጥብ አይሰደውም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይማ ከላይኛው መደብ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ሄልሚ በእንጨት ጭልፋ ውሃ ድንጋዮቹ ላይ ረጩ። ሎይሉው፣ ማለትም ከጋለው ድንጋይ የሚነሳው እንፋሎት፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ ትከሻዋን አቀፈ። ሳይማ በብዙ ሳውና ታጥባለች። በአብዛኛው ራሷ ይከብዳታል፤ ልቧ ይመታል፤ ቶሎ መውጣት ያምራታል። እዚህ ግን ሙቀቱ እየበረታ አየሩ ቀላል ነው፤ ደረቷ ሙሉ ትተነፍሳለች። ድንገት ፈገግ አለች። መልሱ አፍንጫዋ ሥር ነበር።

ወንዶቹ፣ ማለትም ጋሼ ኡርሆ ብቻቸውን፣ ታጥበው ሲጨርሱ ሦስቱም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የሄል ሽታ ያለው ሹሩባ ዳቦ፣ ጨው የጠጣ ዓሣና ቡና ቀርቧል። ሽማግሌው ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ ሳይማን ቀና ብለው ሳያዩ ጠየቁ።

«ሎይሉው እንዴት ነበር?»

«ጋሼ ኡርሆ፣ ከልቤ ነው የምልዎ፤ እንደዚህ ያለ ሳውና ታጥቤ አላውቅም። እኔ በምከራይበት ቤት ያለው ራሴን ያዞረኛል። ለምንድን ነው?»

አሁን ቀና አሉ። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ዝም የሚል የሳውና ሠሪ አልተወለደም።

«ቀዳዳ የለውማ! ሁልጊዜ እላለሁ እኮ፣ ዛሬ የሚሠሩት ሳውና አይደለም፣ ቁምሳጥን ነው። እዪ፤ ንጹሕ አየር ከታች፣ ከምድጃው አጠገብ ይገባል። ይሞቃል፣ ይነሳል፣ ሰውን ያቅፋል። ከዚያ በተቃራኒው ግድግዳ ይወጣል። ታጥበሽ ስትጨርሺም ቀዳዳውን አትዘጊም፤ እንጨቱ መድረቅ አለበት። ሎይሉ የሚለው ቃል በጥንቱ ቋንቋችን ምን ማለት እንደነበር ታውቂያለሽ? ትንፋሽ! ነፍስ! ትንፋሽ የሌለው ቤት ሬሳ ነው፤ ሬሳ ደግሞ ይበሰብሳል።»

«የሚወትፉት ሰዎች የሉም?»

«የሉም? የሄልሚ ወንድምስ! ሙቀት ይባክናል ብሎ ወተፈው። ግድግዳው ጠቁሮ፣ እንጨቱ እንደ ገንፎ ላልቶ፣ መደቡ ከነራሱ ከነቤተሰቡ ወደቀ።» ጋሼ ኡርሆ እየሳቁ ጠረጴዛውን መቱ። «ምን አልኩት መሰለሽ? ‹አንተ ሰውዬ፣ ብልህ መስለህ ቤትህን አንቀህ ገደልከው› አልኩት!»

ሳይማ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችና የጨበጠችውን ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠች። የተጨማደደ፣ አቧራ የጠጣ፣ ቀይ መስመር ያለው የሱፍ ካልሲ ነው።

«ካልሲዬ!» ጮኹ እትዬ ሄልሚ። «ይሄ የእናቴ ሹራብ ካልሲ! አንዱ እግሩ ጠፍቶኝ የልብስ ማጠቢያው በላብኝ ብዬ ሠራተኛ አስመጥቼ አስፈትቼዋለሁ እኮ! የት ነበር?»

ጋሼ ኡርሆ መስኮቱን አዩ።

«ኡርሆ!»

«... ጋራዥ ሳውና አይደለም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ግን ቀጥኗል።

«አይደለም» አለች ሳይማ በለሰለሰ አንደበት። «ግን የሳውናውን እንፋሎት በሙሉ እንዲጠጣ የተፈረደበት ማን ነው? ሳውናው ታጥቦ ይደርቃል። ጋራዡ ታጥቦ ካልሲ አፉ ውስጥ ይወተፍበታል።»

ጋሼ ኡርሆ ካልሲውን አንስተው አገላበጡት። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር። «የሄልሚን ወንድም ስሰድብ የኖርኩት ... አይ አንተ ኡርሆ!» ወዲያው ግን ቆም አሉ። «ቆይ ግን። ይቺን ሳታስረጂኝ አትሄጅም። ሱፍ አልብሰው፣ ደግሞ ቅደደው፤ ይሄ እንዴት ይሆናል?»

«ወደ ሐይቁ ዓሣ ሊያጠምዱ ሲወጡ ምን ይለብሳሉ?»

«ወፍራም ካፖርት።»

«አፍንጫዎንስ በካልሲ ይወትፋሉ?»

እትዬ ሄልሚ ቡናው ትን አላቸው።

«ሱፉ ካፖርት ነው» ቀጠለች ሳይማ። «ቀዳዳው አፍንጫ ነው። ያለ ካፖርት ይበርደናል፤ ያለ አፍንጫ እንሞታለን። ሁለቱ አይጣሉም። የሚጣሉት ካፖርቱ የተበሳሳ፣ አፍንጫው የተደፈነ እንደሆነ ነው፤ የእርስዎ ጋራዥ አሁን እንደዚያ ነው። ብርዱ በሚገባበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል፤ እርጥበቱ መውጫ የለውም።»

«እሺ፤ ከየት ይጀመራል?»

«ጋራዡንና ቤቱን ከሚለየው ግድግዳና ጣሪያ። መጀመሪያ ስንጥቁ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚያልፍበት ሳይቀር፣ ይታሸጋል፤ ጭስ ወደ ላይ እንዳይወጣ። ስንጥቁ ሳይደፈን ሱፍ ቢጠቀጠቅ ጭሱ በሱፉ መሀል ማለፉ አይቀርም። ከዚያ ከአውኔ ክፍል ወለል ሥር ያለው ባዶ ቦታ ከድንጋይ በተፈተለው ሱፍ ይሞላል፤ ወለሉን ነክቶ እንጂ ተንጠልጥሎ አይደለም። በሞቃቱ ወገን እርጥበት የማያሳልፍ ላስቲክ ይወጠራል። ግድግዳዎቹም እንደዚያው።»

«በሩና መሬቱስ? ባልና ሚስቱስ?»

«በሩ ሱፍ በውስጡ ያለው ይሁን፤ ከግርጌው የጎማ ከንፈር ይደረግለት። ከወጥ ቤት የሚያወጣው በር ደግሞ ዙሪያውን ይታሸግና ራሱን በራሱ የሚዘጋ ይሁን። የአየር ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ። ታች አንድ፣ በተቃራኒው ላይ አንድ፤ እርጥበት ሲበዛ የሚነሳ ማራገቢያም ከላይኛው ይገጠም። እንዴት መሆን እንዳለበት እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ።»

«ሳውናውስ?»

«በራሱ መንገድ ወደ ውጭ ይተንፍስ። ያቺ ትንሽ በር ትዘጋ።»

ጋሼ ኡርሆ ፊታቸው ጨፈገገ። የራሳቸው ፈጠራ ናትና። «መኪናዋስ ብርድ ሊገድላት ነው?»

«መኪና የሚገድላት እርጥበት እንጂ ብርድ አይደለም። ጠዋት ሞተሩን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ገመድ እኮ ከአፍንጫዋ ተንጠልጥሎ አየሁት! ይሰኩት። ሞተሩን ግን ጋራዥ ውስጥ አስነስተው ፈጽሞ እንዳይተዉት፤ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። አስነስተው ወዲያው ይውጡ። ለመኝታ ክፍሉ ደግሞ መርዛማውን ጋዝ ሲያሸት የሚጮህ መሣሪያ ይሰቀል፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውምና እኛ አናሸተውም።»

ሽማግሌው እትዬ ሄልሚን አዩ። እሳቸው ካልሲውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ያቃኑታል። ትንሽ ካልሲ ሆኖ ታየ፤ ለሕፃን የሚሆን ይመስል።

«ለገና ይደርሳል?» አሉ ጋሼ ኡርሆ።

«ሰኞ ከጀመርን ይደርሳል።»

«ሰኞ! ነገስ ምን ሆነ?»

«ነገማ እሑድ ነው» አሉ እትዬ ሄልሚ። «ነገ በእግራችንም ቢሆን መጀመሪያውን መዝሙር እንደርሳለን።»

ሥራው ሲጀመር ጋሼ ኡርሆ ከማንም በላይ ተጉ፤ ከማንም በላይም ተጨቃጨቁ። እያንዳንዱን ስንጥቅ ሻማ እየያዙ ፈለጉ፤ ነበልባሉ ዘንበል ባለበት ሁሉ ‹እዚህም አለ ሌባው!› እያሉ ጮኹ። የታችኛው ቀዳዳ ቦታው ተሳስቷል ብለው ከሳይማ ጋር ግማሽ ቀን ተከራከሩ፤ ትክክል ነበሩ፤ ሳይማም ‹ትክክል ነዎት› አለች። ይህን ቃል ስትናገር እንደ መራራ መድኃኒት ከበዳት፤ ከዋጠችው በኋላ ግን ቀለላት።

አውኔ የገና ዋዜማ መጣች። ክፍሏ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው በባዶ እግሯ ወለሉን መርገጥ ነው። ከዚያ ተንበርክካ ብርድ ልብሱን አሸተተች። የእናቷ ዓይን ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«ሳሙና ሳሙና ይላል» አለች አውኔ። ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛችው። ‹ሆቴል› የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ያነሳ ሰው የለም።

የዋዜማው ሳውና እንደ ልማዱ ተነደደ፤ ሁሉም ታጠበ። ጨለማው ሳይገፈፍ ለገና ጠዋት ጸሎት ሲነሱ፣ እትዬ ሄልሚ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ጋራዡ ውስጥ ቆሙ። ጣሪያው ደረቅ ነው። ምስማሮቹ ቆብ የላቸውም። ሳይማም ከነሱ ጋር ልትሄድ መጥታ ከመኪናዋ አጠገብ ቆማለች። ከሳውናው ሌሊት በኋላ በሩ ሲከፈት ይህ የመጀመሪያው ነው። ጋሼ ኡርሆ ጓንታቸውን አውልቀው፣ አንድ እጃቸውን ከበሩ መያዣ ላይ አሳርፈው፣ ሳብ አደረጉት።

በሩ ያለ ምንም ድምፅ ተነሳ።

«ተፋቱ!» አሉ ጋሼ ኡርሆ።

በዚያ ጠዋት ሁለቱ ባልና ሚስት ከመጀመሪያው መዝሙር በፊት ገብተው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቄሱም መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩአቸው። የእትዬ ሄልሚ የእሑድ ራስ ምታት ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ ለማሞቂያ የሚነደው ዘይትም ቀነሰ፤ የመኪናዋ ዝገት ባለበት ቆመ፤ የግድግዳው ጥግ ደርቆ ተቀብቷል። ከሁሉም በላይ አንድ ሕፃን የመጀመሪያ ገናውን በአያቱ ቤት፣ ንጹሕ አየር እየተነፈሰ አድሯል። ይህ ሁሉ የተገኘው ጥቂት ሱፍ በቦታው ስለገባ፣ ሁለት ካልሲ ደግሞ ከቦታው ስለወጣ ነው። ይህን እያወቀ ዛሬም ቀዳዳውን ወትፎ የሚተኛ ሰው ካለ፣ ስለ አባቱ ቤት ክብር ባያወራን ደስ ይለናል።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ሰላምታ ይለዋወጥ ነበር። የእትዬ ሄልሚ ወንድም ቀረብ ብሎ ቀለደ። «ዛሬ እንዴት ቀደማችሁን? በሩን ሰበርከው እንዴ?»

ጋሼ ኡርሆ ክንዱን ያዝ አደረጉት። «አንተ፣ ጋራዥህ ከቤትህ ጋር የተያያዘ ነው አይደል? ከሰዓት በኋላ ልመጣ ነው። ግድግዳህን ልየው።»

«ለምን ብለህ?»

ሽማግሌው ወደ ሳይማ ዞር ብለው በአንድ ዓይናቸው ጠቀሷትና ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሰፈር ውታፍ ነቃይ ነኝ» አሉ፤ «ካልሲ የጠፋባት ሚስት ሁሉ ወደ እኔ ትምጣ።»